የኢፕር ጋዝና ያልተነሳው ዕዳ



አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር በጀመዓችን የአቀባበል ዝግጅት ላይ የማይቀር አንድ ንግግር አለ። «ኬሚስትሪ» የሚለው ስም ራሱ «አል-ኪምያ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፣ ጃቢር ኢብኑ ሐይያን የዘርፉ አባት ነው፣ አልጀብራ የአል-ኸዋሪዝሚ ነው ይባላል። አዲሱ ተማሪ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ይህን ንግግር አንጠላውም። ከገጠር መድረሳ መጥቶ ካልኩለስ ፊት ለተቀመጠ ልጅ «ይህ ዕውቀት ለአንተ ባዳ አይደለም» መባሉ ብዙ ያግዘዋል። ነገር ግን የሚራስ ትምህርት የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ ይከፈላል። የኬሚስትሪን ውርስ ስንካፈል ዕዳውን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አይሰማም።

ዕዳው ከተጻፈባቸው ቀናት አንዱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ሐሙስ። ቦታው ቤልጂየም ውስጥ ከኢፕር ከተማ በስተሰሜን ነው። ጀርመኖች በአንድ በኩል፣ ፈረንሳዮች፣ እንግሊዞችና ቤልጂየሞች በሌላ በኩል መሬት ቆፍረው፣ ምሽግ ውስጥ ገብተው ከተፋጠጡ ወራት አልፈዋል። መትረየስ ባለበት ሜዳ ቀና ያለ ሁሉ ስለሚታጨድ ሰው እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች መኖር ጀምሯል። ጥይት ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሰው አያገኘውም። ታዲያ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለጄኔራል የሚከብድ ነበር። ለኬሚስት ግን ቀላል ሆነ።

ጀርመኖች ከ5,700 በላይ የብረት ሲሊንደሮችን በሌሊት እየተሸከሙ በምሽጋቸው ጠርዝ ቀበሩ። በውስጣቸው በጠቅላላው 150 ቶን ያህል ክሎሪን ነበር። ከዚያ ነፋስ መጠበቅ ሆነ፤ ነፋሱ ወደ ጠላት ካልነፈሰ ጋዙ ባለቤቱን ነው የሚፈጀው። በዚያች ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ዐስር አልፎ መግሪብ ሳይደርስ፣ ነፋሱ ተስማማና ቫልቮቹ ተከፈቱ። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን ግንባር ላይ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ደመና መሬት ለመሬት እየተሳበ መጣ።

«መሬት ለመሬት» ያልነው ለማሳመር አይደለም። የክሎሪን ሞለኪውል ክብደት 71 ነው፤ የአየር አማካይ 29። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ጋዙ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ይህችን ስሌት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ይሠራታል። ትርጉሟ ግን ጋዙ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ይሞላዋል ማለት ነው። ነፍስን ያተርፍ የነበረው ምሽግ ራሱ ወጥመድ ሆነ። መሬት ላይ የተኛው ቁስለኛ ከቆመው ሰው የበለጠ ተጎዳ። ክሎሪን ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ሳንባው ራሱን ለማዳን ፈሳሽ ያመነጫል፣ ፈሳሹም ሳንባውን ይሞላዋል። ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ይሰጥማል። ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቤታችን ልብስ የምናነጣበት በረኪና የሚሸተው ሽታ የእርሱ ዘመድ ነው።

በዚያ ምሽግ ውስጥ ማን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ሲነገር «የፈረንሳይ ወታደሮች» ተብሎ ይታለፋል። እውነቱ ግን የመጀመሪያው ደመና የወረደው በሁለት ክፍለ ጦሮች ላይ ነው። አንዱ በዕድሜ የገፉ ፈረንሳውያን ተጠባባቂዎች የነበሩበት 87ኛው ክፍለ ጦር ነው። ሌላው 45ኛው የአልጄሪያ ክፍለ ጦር ይባላል። በዚህ ሁለተኛው ውስጥ ከአልጄሪያ የመጡ ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ነበሩ፤ «ቲራዬር» የሚባሉት እግረኞች ግን በአብዛኛው የአልጄሪያ ሙስሊሞች ናቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የአልጄሪያን ሙስሊም ወጣት በግዳጅ ለውትድርና ትመለምል ነበር። በአገሩ ላይ ዜጋ ያላደረገችውን ሰው፣ በሰው አገር ምሽግ ውስጥ ወታደር አደረገችው። እናም በዓለም ላይ በዚያ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለቀቀውን ገዳይ ጋዝ ከተነፈሱት ሰዎች መካከል ቁርኣን የቀሩ፣ ሰላት የሚሰግዱ፣ በቤታቸው ዐረብኛና በርበርኛ የሚናገሩ ወጣቶች ነበሩ።

የሞቱት ስንት ናቸው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በጦርነቱ ወቅት የተነገረው ቁጥር ተጋንኗል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኛን ያስቆጨን ግን ቁጥሩ አይደለም። በእንግሊዝኛ በተጻፉ ብዙ ትረካዎች ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሚታዩት ለአንድ አፍታ፣ ያውም እየሸሹ ነው። ዓይናቸው ፈጥጦ፣ አንገታቸውን ይዘው ከኋላ ባለው መንገድ ላይ ሲሮጡ ይታያሉ፤ ከዚያ ትረካው ቀዳዳውን ወደደፈኑት የካናዳ ጀግኖች ይሄዳል። የካናዳውያኑን ጀግንነት አንክድም፤ ከሁለት ቀን በኋላ እነርሱም ጋዙ ተለቆባቸው ቦታቸውን ይዘዋል። ነገር ግን ምን እንደሆነ እንኳ ያላወቀው ነገር ሳንባውን ሲያቃጥለው የሮጠን ሰው «ሸሸ» ብሎ መመዝገብ ፍትሕ አይመስለንም። የጦር አዛዦቹ ግን አልሰማንም ማለት አይችሉም። ጥቃቱ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ከጀርመን ወገን ከድቶ የመጣ አንድ ወታደር ስለ ሲሊንደሮቹ ለፈረንሳዮች ነግሯቸው ነበር። ማስጠንቀቂያው ከቁም ነገር አልተቆጠረም። በዚያ ግንባር ዛሬ የሁለቱን ክፍለ ጦሮች ሙታን ለማሰብ ከቆሙት ነገሮች አንዱ ከፈረንሳይ ብሪታኒ ተጭኖ የመጣ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀል ነው። ፈረንሳውያኑ ለሟቾቻቸው የሚያውቁትን ምልክት ማቆማቸው አያስወቅሳቸውም። አልጄሪያዊውን በራሱ ምልክትና በራሱ ቋንቋ የሚያስታውሰው ማን ነው የሚለውን ግን እኛ መጠየቅ አለብን።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 26፣ እንግሊዞች የላሆርን ክፍለ ጦር ወደዚያው ሜዳ አስገቡ። ከሕንድ የመጡ ሙስሊሞች፣ ሲኮችና ሂንዱዎች ነበሩበት። ጋዝ መከላከያ ጭምብል የላቸውም፤ በጨርቅ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የገቡት። ከእነርሱ አንዱ ከአፍሪዲ ጎሳ የሆነ ሚር ዳስት የተባለ ሙስሊም የበታች መኮንን ነው። አዛዦቹ ወድቀው ሲያልቁ የቀሩትን ሰዎች ሰብስቦ ቦታውን ይዞ ቆየ፤ በተኩስ ውስጥ እየተመላለሰ ስምንት የቆሰሉ መኮንኖችን አወጣ። በዚሁ ላይ ጋዙ አገኘው። ብራይተን በሚገኘው የሕንድ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ሳለ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በእጁ የቪክቶሪያ መስቀል የተባለውን የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ሰጠው። ሚር ዳስት ዕድሉን ተጠቅሞ ለራሱ ሳይሆን ለጓዶቹ ለመነ፤ ቆስሎ የዳነ ወታደር ተመልሶ ወደ ግንባር እንዳይላክ ነበር ልመናው።

ሚር ዳስት ሚር ማስት የሚባል ወንድም ነበረው። እርሱም በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር፣ ወንድሙ ከመጋዙ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ሌሊት መስመሩን ተሻግሮ ለጀርመኖች ገባ። ለምን? የኦቶማን ኸሊፋ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1914 በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ ላይ ጂሃድ አውጆ ነበር፤ ጀርመንም የኸሊፋው አጋር ነበረች። ጀርመኖች ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጦር የማረኳቸውን የሰሜን አፍሪካና የሕንድ ሙስሊሞች በርሊን አቅራቢያ ቩንስዶርፍ በሚባል ቦታ «የግማሽ ጨረቃ ካምፕ» ብለው በሰየሙት ግቢ ውስጥ አስቀመጧቸው። የረመዳን ጾም ተከበረላቸው፣ ጋዜጣ ታተመላቸው። በጁላይ 1915 ደግሞ ጉልላትና ሚናራ ያለው የእንጨት መስጊድ ተሠራላቸው፤ በጀርመን ምድር ለሰላት የተሠራ የመጀመሪያው መስጊድ እርሱ ነው ይባላል።

ቀኖቹን አንድ ላይ እናስቀምጣቸው። በኤፕሪል በአልጄሪያውያን ሙስሊሞች ላይ ክሎሪን ተለቀቀ፤ በጁላይ ለአልጄሪያውያን ሙስሊሞች መስጊድ ተመረቀ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ መንግሥት ነው፤ መካከላቸው ያለው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ሁለት ወንድማማቾችም በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ ሁለቱም ለሌላ ሰው ንጉሠ ነገሥት ይዋጉ ነበር። መስጊድ ተሠራልን፣ ሜዳይ ተሰጠን እያልን ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ የምንለይ ሰዎች ይህን ታሪክ ደግመን ብናነበው መልካም ነው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። ቫልቮቹ እንዲከፈቱ ያሰበው፣ የጋዙን ክፍል ያደራጀው፣ ግንባር ድረስ ሄዶ ያስተከለው ጄኔራል አልነበረም፤ ፍሪትዝ ሃበር የሚባል ፕሮፌሰር ነው። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚማር ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅንን ወስዶ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ አሞኒያ ማምረት እንደሚቻል ያሳየው እርሱ ነው፤ ካርል ቦሽ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ደረጃ አሳደገው። ወላጆቻችን በእርሻቸው ላይ የሚበትኑት ዩሪያ የዚህ ሥራ ልጅ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው እህል ያለዚህ ማዳበሪያ አይበቅልም ተብሎ ይገመታል። ሃበር የ1918ን የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ነው። ሽልማቱ በተሰጠው ጊዜ የጋዙ ሥራ ለማንም ምስጢር አልነበረም።

ሃበርን እንደ ሰይጣን ስሎ መገላገል ይቀላል። እኛ ግን የሚያስፈራው ሰይጣን አለመሆኑ ነው እንላለን። ትጉህ ነው፣ አገሩን ይወዳል፣ ጋዙ ጦርነቱን ያሳጥራል፣ ስለዚህም ነፍስ ያተርፋል ብሎ ይከራከር ነበር። ከእርሱ ጋር በጋዝ ክፍሉ ያገለገሉት ኦቶ ሃን፣ ጄምስ ፍራንክና ጉስታቭ ሄርትዝ ሦስቱም በኋላ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆነዋል። የክፍሉ ከፍተኛ አእምሮ ሁሉ እዚያ ነበር። ባለቤቱ ክላራ ኢመርቫር ራሷ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ ያላት ሴት ነበረች። ከኢፕር ጥቃት በኋላ አሥር ቀን ሳይሞላ፣ በሜይ 2 ሌሊት፣ በባሏ የአገልግሎት ሽጉጥ ራሷን አጠፋች። ምክንያቱ ጋዙ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነበር በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን አላህ ያውቃል። ሃበር ግን ወዲያው ወደ ምሥራቁ ግንባር፣ ወደ ሥራው ሄደ። የ12 ዓመት ልጃቸው እቤት ቀረ።

የኋላ ኋላ ሃበር በትውልዱ አይሁዳዊ በመሆኑ፣ ክርስትና የተቀበለ ቢሆንም፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ያገለገላት አገር አልሆነችውም። እ.ኤ.አ. በ1933 ተሰደደ፤ በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ባዝል ውስጥ ሞተ። ይመራው በነበረው ተቋም ለተባይ ማጥፊያነት ከተሠራው የሲያናይድ ምርት የተወለደው ዚክሎን ቢ ደግሞ በኋላ በአውሽዊትዝ አይሁዶችን ለመፍጀት ዋለ፤ ከሃበር የሥጋ ዘመዶችም በናዚ ካምፖች የሞቱ አሉ። ይህን የምንጽፈው «አየህ፣ ተበቀለው» ለማለት አይደለም። የተገደሉት ንጹሐን ናቸው፤ በእነርሱ ሞት የሚደሰት ሙስሊም ካለ ዲኑን አላወቀም።

ሕግ አልነበረም ወይ? ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተፈረመ ስምምነት ብቸኛ ዓላማቸው አፋኝ ጋዝ መበተን የሆነ ተወንጫፊዎችን ይከለክላል። የ1907ቱ ደግሞ መርዝንና የተመረዘ መሣሪያን ይከለክላል። የጀርመን መልስ ምን ነበር? «ሲሊንደር ተወንጫፊ አይደለም፤ እኛ ነፋስ ነው የተጠቀምነው» የሚል ነው። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ስሙ ሒላ ነውና። ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ ሲከለከሉ መረባቸውን ዓርብ ዘርግተው እሑድ የሰበሰቡትን ሰዎች ታሪክ በልጅነታችን ሰምተናል። እንግሊዞችም ጋዙን አረመኔነት ብለው ባወገዙ በአምስተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915፣ ሎስ በተባለው ግንባር ራሳቸው ክሎሪን ለቀቁ፤ ነፋሱ በአንዳንድ ቦታ ዞሮ የገዛ ወታደሮቻቸውን መታ። ጦርነቱ ሲያልቅ በሁሉም ወገን በጋዝ የሞቱት ወደ 90 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ የተጎዱት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1917 እዚያው ኢፕር ላይ ጀርመኖች ሌላ መርዝ አመጡ። ይህኛው ሳንባ ብቻ ሳይሆን ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያሳውራል፣ መሬት ላይ ለቀናት ይቆያል። በሽታው ምክንያት የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል፤ ፈረንሳዮች ግን በከተማዋ ስም «ኢፔሪት» አሉት። ጣሊያኖች «ኢፕሪት» ብለው ወሰዱት። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ደጃችን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935 መጨረሻ ተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ የወረደው፣ ከዚያም በትግራይና በሌሎች ግንባሮች በአውሮፕላን የተረጨው ይኸው ኢፕሪት ነው። ጣሊያን የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ተቀብላ ነበር። አባቶቻችን ያልተማሩትን የአውሮፓ ከተማ ስም በቆዳቸው ላይ ተማሩት። በሰሜን ብቻም አይደለም፤ በግራዚያኒ በሚመራው የደቡብ ግንባርም፣ ሙስሊሙ ሶማሌ በሚኖርበት በኦጋዴን በኩል ጭምር፣ ጋዝ ተጥሏል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ይህን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲካድ ቆይቶ ማለት ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን መስጊድ መሥራቱና የዐረብኛ ትምህርት መፍቀዱ እየተነሳ ሙስሊሙ ሲታማ እንሰማለን። ሙሶሊኒም በማርች 1937 ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀብሎ ለሙስሊሞች ጠበቃ ነኝ ብሏል። የግራዚያኒ ጦር ውስጥ የሊቢያ ሙስሊሞች እንደነበሩም እናውቃለን፤ የእነርሱን አገር ያስገበረው ራሱ ግራዚያኒ ነበር። ለሐሜቱ የምንሰጠው መልስ ቩንስዶርፍ ነው። የመስጊዱ እንጨትና የጋዙ ሲሊንደር ከአንድ ግምጃ ቤት ሊወጡ ይችላሉ። ተቀባዩም ተጋዡም እኛው ልንሆን እንችላለን።

እስካሁን የጻፍነው ለአንዳንድ አንባቢ የሚመች ይሆናል፤ አጥፊው አውሮፓዊ፣ ተጎጂው እኛ ነን። እዚህ ላይ ብናቆም ግን አማናችንን እናጎድላለን። ከኢፕር በኋላ ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጠው ጋዝ በብዛት የተለቀቀበት ትልቁ ጦርነት የሁለት ሙስሊም አገሮች ጦርነት ነው። ኢራቅ ከኢራን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1988 በተዋጋችበት ጊዜ የሰናፍጭ ጋዝና ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ በኢራን ምሽጎች ላይ ደጋግማ ጥላለች። በጁን 1987 ሰርደሽት የተባለችው የኢራን ከተማ ተመታች። በማርች 16 ቀን 1988 ሐለብጃ የኩርድ ከተማ ላይ በወረደው መርዝ እስከ 5 ሺህ የሚደርስ ሰው ሞተ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ። ሟቾቹ ሙስሊሞች ነበሩ። አብራሪዎቹስ? በሶሪያም ከ2013 ወዲህ የሆነውን በዕድሜያችን አይተነዋል። እዚያ ክሎሪኑ ራሱ፣ ያ የኢፕሩ ክሎሪን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በበርሜል ከሄሊኮፕተር ተጥሏል።

የኢራቅ መርዝ ከየት መጣ? ጥሬ ዕቃው በመርከብ ነው የመጣው። ፍራንስ ፋን አንራት የሚባል ኔዘርላንዳዊ ነጋዴ ታዮዳይግላይኮል የሚባል ኬሚካል በብዙ ቶን ለኢራቅ ሸጧል። ይህ ኬሚካል ለቀለምና ለጨርቅ ሥራም ያገለግላል፤ የሰናፍጭ ጋዝም ይሠራበታል። ነጋዴው እ.ኤ.አ. በ2005 ሄግ ውስጥ በጦር ወንጀል ተባባሪነት ተፈረደበት፤ ይግባኝ ሲል የ15 ዓመቱ እስር ወደ 17 ከፍ አለ። ለእኛ ይህ ፍርድ ቤት የተናገረው አዲስ ነገር አይደለም። በፊቅህ የሽያጭ ምዕራፍ ላይ ኡስታዞቻችን «ወይን ፍሬውን ለመጠጥ ጠማቂ መሸጥስ?» ብለው ያስቆሙን ቦታ አለ። ወይኑ ሐላል ነው፣ ሽያጩም ሐላል ነው፤ ገዢው ምን እንደሚያደርግበት እያወቁ ሲሸጡትስ? በፊትና ጊዜ መሣሪያ መሸጥም በዚያው ይነሳል። በዚያ ዕድሜ ስለ ጠጅ ብቻ የሚያወራ ይመስለን ነበር፤ ለካ ስለ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው።

«ኢንጂነሩ ይሠራል፣ የሚጠቀምበት ሌላ ነው፤ ጥፋቱም የእርሱ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በካምፓሳችን ካፌ ውስጥ ከሙስሊምም ከክርስቲያንም ጓደኞቻችን እንሰማዋለን። እኛ አንቀበለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር እናውቃለን፤ ባሪያ በቂያማ ቀን ከሚጠየቅባቸው ነገሮች አንዱም ባወቀው ምን እንደሠራበት ነው። ጥያቄው ለኸሊፋና ለጄኔራል ብቻ የቀረበ አይደለም።

የድሮ ዑለማዎች ሁሉ ይህን መሣሪያ በአንድ ቃል ከልክለዋል ብንል ግን ውሸት ይሆናል። በእሳት መቅጣት የእሳት ጌታ የአላህ ብቻ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። አቡበክር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም የላኩትን ሠራዊት ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይነካ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጥ አዘዋል። በማሊኪ መዝሀብ በሰፊው በሚቀራው የኸሊል ሙኽተሰር ውስጥ የተመረዘ ፍላጻ በሐራም ተቆጥሯል፤ እነዚያ የኢፕር አልጄሪያውያን የማሊኪ መዝሀብ ተከታዮች እንደነበሩ ስናስብ ይህች ቃል ሌላ ክብደት ታገኛለች። በአንጻሩ በምሽግ የተዘጋ ጠላትን በምንጀኒቅ፣ በጎርፍ ወይም በጢስ ማስወጣትን በችግር ጊዜ የፈቀዱም ነበሩ፤ በዝርዝሩ ተከራክረዋል። ክርክሩ ያለቀለት አይደለም ማለት ነው። የጎደለው አሁን የሚከራከር ሰው ነው። ኬሚስትሪውን የሚያውቀው ኪታቡን አያውቅም፣ ኪታቡን የሚያውቀው ኬሚስትሪውን አያውቅም። ሁለቱንም የቀመሰ ሰው ያለው በዚህ ጀመዓ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማታ ፈትሑል ቀሪብ የሚል ተማሪ እኮ ብዙ ነው።

አልሠራም ማለት እንደሚቻልም ምስክር አለ። ማክስ ቦርን የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ የሃበር አገር ሰው ነበር፤ በዚያው ጦርነት በጋዙ ሥራ እንዲገባ ሲጠየቅ እምቢ ብሏል። ለውትድርና ሥራ ጨርሶ እምቢ አላለም፤ ሌላ ሥራ ሠርቷል። ሁሉም ኬሚስት ወይም ፊዚሲስት በዘመኑ «ምርጫ አልነበረኝም» ሊል እንደማይችል ግን አሳይቷል። እርሱም በኋላ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ እምቢ ማለቱ ሙያውን አላጠፋበትም።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንዲህ ነው። የአቀባበል ንግግሩ ይቀጥል፤ ጃቢር ኢብኑ ሐይያንም ይወሳ። ከእርሱ ቀጥሎ ግን የኢፕር አልጄሪያውያንና ሚር ዳስት ይነሱ፤ የተከዜና የሐለብጃ ሙታንም አይዘለሉ። በሳምንታዊው የደርስ መርሐ ግብር ላይ የሽያጩ ምዕራፍ ሲደረስ የኬሚካል፣ የኤሌክትሪካልና የሶፍትዌር ተማሪዎች በሙሉ ይገኙ፤ ድሮን የሚያበር ኮድ የሚጽፈው ወንድማችን የወይን ፍሬው ሻጭ መሆን አለመሆኑን ራሱ ይጠይቅ። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚመርጡ አራተኛና አምስተኛ ዓመቶችም «ይህን ማን ይገዛዋል?» የምትለውን ጥያቄ ርዕሱን ከማስመዝገባቸው በፊት ለኡስታዞቻችን ያቅርቡ፤ ከተመዘገበ በኋላ ለመተው ከባድ ነው። ኡስታዞቹ መልሱን ወዲያው ላያውቁት ይችላሉ፤ ስለ ሴንሰርና ስለ ሪአክተር የሚያስረዳቸው ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። የኸሊል ሙኽተሰር በአገራችን እምብዛም ስለማይቀራ፣ ሸርሑ ያለው ወንድም ወይም ያላት እህት ይዘው ቢመጡ በፎቶ ኮፒ እናባዛዋለን።